የሐሙስ እናቶች

የሺአረግ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ1975 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ባሏ ማሞ ወደ ሰሜን በዘመተ በሦስተኛው ወር ነው። ማሞ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። የሚኖሩት ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ፣ ከቀበሌ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ትልልቆቹ የጭነት አውሮፕላኖች ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጡ ባለፉ ቁጥር የግቢው ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል፤ የሺአረግ ግን አንገቷን ትደፋ ነበር። ባሏን የወሰደው ከእነሱ አንዱ ነውና።

እናቷ ከጋይንት መጥተው ሊያርሷት ታስቦ ነበር፤ እግራቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። ሌላ ዘመድ ይላክ ቢባልም፣ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ አውቶቡስ ላይ መውጣት አይቻልምና ወረቀቱ ሲጠበቅ ወሩ አለቀ። ጎረቤት ግን አልነፈጋትም። ገንፎው መጣ፣ አጥሚቱ መጣ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይል ያለፈ የለም። ሃያ ቀን ያህል ቤቷ ሰው አላጣም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየሥራው፣ ወደየስብሰባውና ወደ ስኳር ሰልፉ ተመለሰና የሺአረግ ከልጅቱ ጋር ለብቻዋ ቀረች።

ሰው ሁሉ የሚያወራላት ያ የእናት ፍቅር አልመጣም። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ልጅቱን ስታቅፋት የሰው አደራ የያዘች ይመስላታል፤ ያውም ባለቤቱ መቼ መጥቶ እንደሚረከበው የማይታወቅ አደራ። ማሞ ከመዝመቱ በፊት «ሴት ከሆነች በእናቴ ስም ምንትዋብ በያት» ብሎ ነበር። ጎረቤቶቿ «ምንትዋብ፣ ምንትዋብ» እያሉ ያጫውቷታል። የሺአረግ ግን «ልጅቱ» ከማለት አልፋ ስሟን በአፏ ጠርታው አታውቅም። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ይነገራል? ባሏ ጦር ሜዳ ያለ፣ ጤነኛ ልጅ የታቀፈች ሴት «ልጄን አልወደድኳትም» ብትል የሚሰማት ምን ይላታል?

በአርባ አምስተኛው ቀን ልጅቱን ለክትባት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰደቻት። የሚመዝኑት ሲስተር ፍረወይኒ ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ነርስ ናቸው። ልጅቱን ከሚዛኑ ላይ አንስተው ካርዱን አዩና ክብደቷ እንዳልጨመረ ነገሯት። ከዚያ ስለ ልጅቱ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል ብላ ስትጠብቅ፣ «አንቺስ እህል ትቀምሻለሽ?» አሏት። የሺአረግ የልጅቱን መጠቅለያ ደጋግማ ማስተካከል ያዘች። ሲስተር አላስጨነቋትም። በካርዱ ጀርባ «ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት» ብለው ጻፉና የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶች በዚያ ቀን እንደሚገናኙ ነገሯት።

ስብሰባው የሲስተር የራሳቸው ሐሳብ ነበር። በማዋለጃው ክፍል ሃያ ዓመት ሲሠሩ፣ እናታቸው በሩቅ አገር የቀረችባቸው ወጣት ሴቶች ልጅ ታቅፈው ግራ ሲጋቡ አይተዋል። አገር ቤት ቢሆን እናት አለች፣ አክስት አለች፣ የባል እናት አለች፤ አዲስ አበባ ግን ሁሉም ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ግን ስምንት ወር ፈጅቶባቸዋል። ያኔ አሥር ሰው በር ዘግቶ መቀመጡ ብቻ ያስጠይቅ ነበር። በመጨረሻ የተሰብሳቢዎቹ ስም እንዲመዘገብ፣ በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ እንዲጻፍና አንድ ካድሬ እንዲገኝ ተብሎ ተፈቀደላቸው። ካድሬው ሁለት ሐሙስ መጣ። በመጀመሪያው ስለ ጡት ጫፍ መሰንጠቅ፣ በሁለተኛው ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ቀለም ሲወራ ሰምቶ ሦስተኛውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤው ብቻ ይላክለት ጀመር።

የሺአረግ ስትሄድ ዘጠኝ ሴቶች በመመዘኛው ክፍል አግዳሚዎች ላይ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠው አገኘች። ከአጠገቧ የነበረችው ሸሪፋ ናት። የቡታጅራ ሴት ስትሆን፣ ባሏ አብዱልሐሚድ መገናኛ አካባቢ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ልጇ ሐምዛ ከምንትዋብ በሁለት ወር ይበልጣል፤ ወፍራም ነው። ሸሪፋ ስታወራ አታፍርም። ሐምዛ በተወለደ በሳምንቱ ከእጇ አምልጦ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ፣ እሷም ከልጁ በላይ እንዳለቀሰች ስትተርክ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ወርቅዬ የምትባል የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ተክለብርሃን በመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በትዳር ቆይታ፣ ለሚካኤል ተስላ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ኃይለሚካኤልን ወለደች። ልጁን ስትይዘው እንደ ታቦት ነው፤ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ትደነግጣለች።

የሺአረግ ለአምስት ሐሙስ ሄዳ አንድም ቃል አልተናገረችም። መሄዱን ግን አላቋረጠችም። ሌሎቹ ልጅ ሌሊት ስለማያስተኛቸው፣ ስለ ባሎቻቸው እናቶች፣ ድንግጥ ድንግጥ ስለሚል ልባቸው ያወራሉ። እሷ ጆሮ ትሰጣለች። የሚያስፈራት አንድ ነገር ነበር፦ ሁሉም ይደክማሉ፣ ሁሉም ያማርራሉ፣ ግን ወደ ልጆቻቸው ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። የእሷ አልፈታም። ሲስተር አንዳንዴ ዓይናቸውን ጣል ያደርጉባታል፤ ግን ሰው ፊት አያነሱባትም። አንድ ቀን ሲወጡ «የምትነግሪኝ ነገር ካለ በሬ ክፍት ነው» አሏት። የሺአረግ ደህና ነኝ አለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ማክሰኞ ልጅቱን ታጥባት ነበር። ውሃው ለብ ብሏል፣ ልጅቱ ዝም ብላለች። ድንገት «ልቀቂያት» የሚል ሐሳብ መጣባት። ሐሳቡ የራሷ አልመሰላትም፤ ሰው በጆሮዋ የተናገረው ይመስል ነበር። ልጅቱን ከውሃው መንጭቃ አወጣቻት፣ በፎጣ ጠቅልላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣችም። ልጅቱን ሲርባት ብቻ እየሄደች አጠባቻት። ረቡዕንም እንዲሁ ዋለች።

ሐሙስ ከሰዓቷ ቀድማ ደረሰች። ሸሪፋ መጥታ ነበር። የሺአረግ የተኛችውን ልጅ በአግዳሚው ላይ ከሸሪፋ አጠገብ አስተካክላ አስተኛቻት፤ የጨርቅ ከረጢቱንና የክትባት ካርዱን ከራስጌዋ አስቀመጠች። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። በሆስፒታሉ በር አልፋ፣ ዘበኛውን ሰላም ብላ፣ ቁልቁል ወደ መገናኛ ወረደች። የመጣላትን አውቶቡስ ተሳፈረች። ወደ ኮተቤ የሚሄድ ነበር። መጨረሻው ላይ ወረደችና በእግሯ ቀጠለች፤ ቤቶቹ እየሳሱ መጡ፣ ከዚያ አለቁ። ወደ አያት የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ የገበሬ ማሳ ነው። ጤፉ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወዴት እንደምትሄድ አላሰበችበትም። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቱ አሁን ደግ ሰዎች መሃል ናት። ይህን ስታስብ ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለላት። ጥቂት እንደቆየች ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጠበ። ሊነጥፍ ነው ያለችው ወተት ነው። የማጥቢያ ሰዓቷ መድረሱን ገላዋ ከእሷ ቀድሞ አውቆ ነበር።

በኋላ ብዙ ሰው፣ እንጀራ እናት ያልሆነች እናት ልቧ እንዴት ያስችላታል፣ ፍቅሯ ነው የመለሳት ይል ይሆናል። የሺአረግ ራሷ ግን እንደዚያ ብላ አታውቅም። የመለሳት ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ጠብታ ወዲያው በጀርባዋ ከተኛች ትን ይላታል። ሁለት ጊዜ ፊቷ ጠቁሮባታል። ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሸሪፋ ሐምዛን ካጠባች በኋላ ልክ እንዲያ ነው የምታስተኛው። እነግራቸውና ተመልሼ እሄዳለሁ አለች፤ ተነሥታ መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ቀጥሎ እየሮጠች ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ወደ አሥራ አንዱ ሰዓት ነበር። ስብሰባው ሁልጊዜ ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልቃል። የመመዘኛውን ክፍል በር ስትከፍት ግን አንዳቸውም አልሄዱም። ሸሪፋ ሐምዛን ለሌላ ሴት ሰጥታ ምንትዋብን እያጠባች ነበር። የሺአረግ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ሳትገባ፣ ይዛ የመጣችውን ተናገረች።

«ከጠባች በኋላ በጀርባዋ አታስተኚያት፤ ትን ይላታል። እስክታገሳ ትከሻ ላይ ማቆየት ነው። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» አለች።

ከሁሉም በፊት የተነሣችው ወርቅዬ ናት።

«እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክኬያለሁ» አለች። «ሰው መካን እያለ ሲሰድበኝ ኖሬያለሁ። አንቺ የተሰጠሽን አግዳሚ ላይ ጥለሽ ትሄጃለሽ?»

የሺአረግ አንገቷን አልደፋችም። «እዚህ የተውኳት እዚህ ማንም ስለማይጎዳት ነው» አለች። «ቤት ግን ያለሁት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ፍረወይኒ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወርቅዬ ነገሩ ሲገባት ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ወረደ። ከእጇ የማትለየውን ኃይለሚካኤልን አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለችና ወደ በሩ ሄደች። ነጠላዋን ገፍፋ በየሺአረግ እርጥብ ቀሚስ ላይ አለበሰቻት፤ እጇን ይዛም ወደ ውስጥ አስገባቻት። ያኔ የሺአረግ የማክሰኞውን፣ ከማክሰኞ በፊት የነበረውን፣ ስሟን መጥራት ያቃታትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ፣ ጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗን ጠርጋ፣ እኔም የመጀመሪያውን ወር እንዲያ ነበርኩ አለች። አንዲት ሌላም ራሷን ነቀነቀች።

ሲስተር ሲናገሩ ድምፃቸው የሁልጊዜው ነበር። «ይህ ክፋት አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ሕመም ነው። ብዙ አይቻለሁ፣ ይድናል። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እኔ ራሴ ይዤሽ እገባለሁ። ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ክኒንሽንም ዋጪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብቻሽን ግን አትውዪም፣ አታድሪም።»

እሷ በሌለችበት ሰዓት የሆነውን በኋላ ሰማች። ዘበኛው የተጣለ ሕፃን አለ የሚል ወሬ ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ ለፖሊስ መነገር አለበት ብሎ። ሸሪፋ ምንትዋብን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ምን የተጣለ አለ፣ የእህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች ብላ መለሰችው። ዘበኛው የሸሪፋን ሻሽና በምንትዋብ አንገት ላይ የታሰረውን ማተብ አየና ወጥቶ ሄደ። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ በሲስተር እጅ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ስለ ጡት ማጥባት ጥቅም በሰፊው ውይይት ተደርጓል።»

በዚያው ምሽት ወርቅዬ ልጇን አዝላ፣ አንድ ጋቢና አንድ ድስት ሽሮ ይዛ የሺአረግ ቤት ገባች። ስምንት ቀን ተቀመጠች። ተክለብርሃን ቅር ሳይለው በየማታው ከሥራ ሲወጣ ብቅ እያለ ልጁን ስሞ ይሄድ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ሴቶቹ ተራ ወጡ። ሐኪሙ ያዘዘውን ክኒን ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰጣት፣ ልብስ የሚያጥብ፣ እሷ ስትተኛ ልጅቱን የሚይዝ አልጠፋም። የየሺአረግ ወተት ስላነሰ ሸሪፋ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ሁለቱን ሕፃናት በአንድነት ታጠባለች፤ ግራው የሐምዛ፣ ቀኙ የምንትዋብ ነው ትል ነበር። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ በየቀኑ የሚገባ የሚወጣውን ሴት አይቶ ምን ጉባኤ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ወርቅዬ አራስ ልንጠይቅ ነው አለችው። ልጅቱ እኮ ሦስት ወሯ አልፏል ቢላት፣ እኛ ቀስ ብለን ነው የምንጠይቀው አለችው። ሁለተኛ አልጠየቀም።

የሺአረግ የዳነችው በአንድ ቀን አይደለም። ደህና ውላ ማግስቱን ከአልጋ መውረድ የሚያቅታት ጊዜ ነበር። ክኒኑ አፏን ያደርቀዋል፣ እጇን ያንቀጠቅጠዋል። ግን ክፉው ሐሳብ ሲመጣ አሁን የምትነግረው ሰው አጠገቧ አለ፤ ሲነገር ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለ ከውስጥ ልጅቱ እሪ አለች። የሺአረግ እጇ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ገመዱ ላይ እየጣለች «ምንትዋብ፣ መጣሁ፣ መጣሁ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ምን ብላ እንደጠራቻት ታወቃት። ቆመች። ከዚያ ገባችና አነሣቻት።

ሲስተር ፍረወይኒ በሚያዝያ ወር ወደ ጎሬ ተዛወሩ። ምክንያቱን አልነገሯቸውም፤ እነሱም ባይጠይቁ እንደሚሻል አወቁ። የመጨረሻው ሐሙስ ላይ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ለወርቅዬ አስረከቧት፤ ያጻጻፉን ዘዴም አብረው ነገሯት። ሲለያዩ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያቀፉት የሺአረግን ነው። ሐሙሱ አልተቋረጠም። አዲስ ወላዶች እየመጡ አግዳሚው ጠበበ።

ማሞ በሰኔ መጨረሻ ለሃያ ቀን ፈቃድ መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል። ምንትዋብ መጀመሪያ አልቅሳበት በሦስተኛው ቀን አገጩን መያዝ ጀመረች። የሺአረግ ልንገረው ወይስ ልተወው ስትል ከራሷ ጋር ተሟገተች። ሸሪፋ አትንገሪው ወንድ አይገባውም አለቻት፤ ወርቅዬ ከሌላ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ አለች። በአምስተኛው ቀን ምሳ በልተው ልጅቱ ስትተኛ ነገረችው። ከማጠቢያው ሳፋ ጀምራ እስከ አያት መንገድ ድንጋይ ድረስ አልደበቀችም።

ማሞ ሰምቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ግቢው መሃል ጀርባውን ሰጥቷት ለረጅም ጊዜ ቆመ። የሺአረግ ትዳሯ በዚያ እንዳለቀ ቆጥራ ልብሷን ትሰበስብ ጀመር። ተመልሶ ሲገባ የልብሱን ክምር አየና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እኔም እዚያ በነበርኩበት ጊዜ መኪናዬን ወደ ገደል ላዞረው ያልኩበት ቀን አለ» አላት። «ለማንም አልተናገርኩም። የማናግረው ሰው አልነበረኝም።» ከዚያም ልጅቱን ያጠባችው ሴት ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቃት።

በማግስቱ ሦስቱም ሸሪፋ ቤት ሄዱ። ማሞ የወታደር ልብሱን አላደረገም። የወሩን የስኳር ድርሻቸውን እንዳለ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። የሸሪፋ ቤት ከሱቁ በስተጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት። አብዱልሐሚድ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ገባና እንግዳውን ከራሱ መቀመጫ ላይ አስቀመጠው። ማሞ አመሰግናለሁ ማለቱ ከበደው፤ ስኳሩን በሁለት እጁ አቀበለ። አብዱልሐሚድም አላስቸገረው። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጨርቅ መጥፋት ሲያወራው ቆየ። ምሳ ከቀረበ በኋላ ግን ኮስተር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ማሞ፣ አንድ ጉዳይ ከአሁኑ እንነጋገር» አለው። «ልጅህ አድጋ ሐምዛን ካላገባሁ ብትል እኔ አልፈቅድም። በእኛ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው። ብታለቅስም አይሆንም።»

ማሞ ለአፍታ ደንግጦ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ የሺአረግ የሰማችው የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። «በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው» አለ። «እንግዲህ ዘመድ ሆነናል።»

ሸሪፋ ማድ ቤት ነበረች። ሐምዛ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ማልቀስ ጀመረ። እጄ ቅባት ነው፣ አንዴ አባብዪልኝ የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። የሺአረግ ምንትዋብን ለአባቷ አቀበለችና ወፍራሙን ልጅ አነሣችው። አልባበል አላት። ወተቷ ከግንቦት ወዲህ ሞልቷል። ወደ ግድግዳው ዞር አለች፣ ነጠላዋን ከለል አደረገችና አጠባችው።